ወፍ ዋሻን በትንሽ ብር፦ ከላምበረት እስከ ሮቢ ወንዝ

በደሴ መንገድ የሄደ ሰው ሁሉ ደብረ ሲናን ያውቃታል። የሚያውቃት ግን በመኪና መስኮት ነው። አውቶቡሱ ቆም ይላል፣ ቆሎ ሻጮች ይከቡታል፣ ብርና ፌስታል በመስኮት ይለዋወጣል፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ አለቀ። ከከተማዋ በላይ ያለውን ጥቅጥቅ ደን፣ ከታችዋ ያለውን የቆላ ወንዝ አይቶ የሚመለስ ጥቂት ነው።

ደኑ ወፍ ዋሻ ይባላል። ወንዙ ሮቢ። ከጣርማበር ተራራ ብርድ ተነስታችሁ ማንጎ እስከሚበቅልበት ሙቀት ድረስ በአንድ ጉዞ ታዩታላችሁ። የግል መኪና አያስፈልግም፣ ሎጅም አያስፈልግም። አራት ሌሊት ማደር የሚችል ሰው በሕዝብ መኪናና በተራ አልጋ ይወጣዋል።

አንድ ነገር ከመነሻው ልንገራችሁ። በዚህ ጉዞ ኪስ የሚያራቁተው አልጋም ምግብም አይደለም፤ ችኮላ ነው። «ዛሬ ደርሼ ዛሬውኑ ልመለስ» ያለ ሰው ኮንትራት መኪና ይይዛል። ኮንትራት የያዘ ደግሞ ለሦስት ቀን የሚበቃውን ብር በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው የተሰላ ነው።

1. መንገዱን ጠይቁ፣ ከዚያ ወቅትና ቀን ምረጡ

በቅድሚያ የመንገዱን ሰላም አጣሩ። ባለፈው ወር ሰላም የነበረ መንገድ ዛሬም ሰላም ነው ማለት አይደለም። የምትሄዱበት ሳምንት ላይ ደብረ ብርሃን ወይም ደብረ ሲና የሚኖር ዘመድ፣ የዘመድ ጓደኛ፣ የመኪና ረዳት፣ ማንንም ጠይቁ። ከአንድ ሰው በላይ ጠይቁ። «ትንሽ ቆየት በሉ» ካሏችሁ ቆየት በሉ። ደኑ የትም አይሄድም። መታወቂያችሁን ደግሞ ከቦርሳ ሥር ሳይሆን ከኪስ አድርጉት፤ ኬላ ላይ ፍተሻ ሲኖር ሁሉም ሰው ወርዶ መታወቂያ ያሳያል፣ ቦርሳውን የሚበረብር ሰው ደግሞ መኪናውን ሁሉ ያስቆማል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ይሻላል። መስከረምና ጥቅምት መሬቱ አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባ አለ፣ ምንጩ ሁሉ ሞልቷል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ አለው። ሐምሌንና ነሐሴን ተዉአቸው። ችግሩ ዝናቡ ብቻ አይደለም፣ ጉሙ ነው። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና አይታይም። ያን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ ነጭ ነገር አይታችሁ ትመለሳላችሁ። በልግም አለ፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ አንዳንድ ዓመት ይጥላል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። በልግ ላይ ከሄዳችሁ ጃኬታችሁ ውሃ የማያስገባ ይሁን።

ከሳምንቱ ቀን ደግሞ የሥራ ቀን ምረጡ። ደን ለመግባት የሚያስፈልገው ቢሮ ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆነ በያይነቱ በየቦታው አለ፣ ከሥጋም ይረክሳል። የበዓል ዋዜማ ግን አትነሱ። ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ሰው ሁሉ ወደ አገር ቤት ይተማል፤ መኪና ይጠፋል፣ ታሪፍም ይረሳል።

2. ብሩ የት እንደሚወጣ ቀድማችሁ ወስኑ

ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። ግን የት መቆጠብ፣ የት አለመቆጠብ እንዳለባችሁ እነግራችኋለሁ።

በአልጋ ቆጥቡ። በምግብ ቆጥቡ። በመኪና በደንብ ቆጥቡ። በመንገድ መሪና በሙቅ ልብስ ግን አትቆጥቡ። የመንገድ መሪ ሳይዙ ደን ገብቶ ዱካ የጠፋበት ሰው የሚያወጣው ወጪ ብር ብቻ አይደለም። ጃኬት የረሳ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ሹራብ ይገዛል፣ ያውም በብርድ እየተንቀጠቀጠ ስለሚከራከር ዋጋ አይቀንሱለትም።

ቴሌብር ከተማ ውስጥ ይሠራል። ገጠር ስትገቡ ግን ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። ስለዚህ ጥሬ ብር ያዙ፤ ዝርዝር ያዙ። ሻይ ጠጥታችሁ ትልቅ ኖት ስታወጡ ባለቤቷ በሦስት ሱቅ ዞራ ትዘረዝራለች፤ ለእሷም ጣጣ፣ ለእናንተም ጊዜ ነው። ብሩንም አንድ ቦታ አታስቀምጡት።

3. ቦርሳ

ትንሽ ቦርሳ ይበቃል። ትልቅ ቦርሳ ሚኒባስ ላይ የሰው ቦታ ይይዛል፣ ረዳቱም ያስከፍላችኋል። ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፤ ከሥር ደግሞ ቀጭን ቲሸርት፣ ምክንያቱም ቆላ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ጃኬቱ ሸክም ይሆናል። የሚይዝ ሶል ያለው ጫማ። አዲስ ጫማ አይሁን። የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ሶፍት፣ ሳሙና፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ ለቁስል ፕላስተር። ነጠላ ወይም ጋቢ ከቤት ካለ ያዙ፤ መኪና ላይ ብርድ ልብስ፣ አልጋ ላይ አንሶላ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሙ ልብስ ይሆናል። በጥራቱ የተጠራጠራችሁትን አንሶላ በራሳችሁ ጋቢ ሸፍናችሁ ማደር የአገር ውስጥ መንገደኛ የቆየ ዘዴ ነው።

4. ከላምበረት እስከ ደብረ ብርሃን

አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተገኙ። ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄዱ ሚኒባሶች ሲሞሉ ነው የሚነሱት። ጠዋት ቶሎ ይሞላሉ፤ ረፋድ ላይ ግን ተቀምጣችሁ ሰው እስኪሞላ ታዛጋላችሁ። ታሪፉ የሚለጠፍበት ቦታ አለ፤ አንብቡት። መናኸሪያ በር ላይ ቦርሳችሁን ነጥቆ «ና በዚህ፣ ና በዚህ» የሚለውን ደላላ አመስግናችሁ እለፉት።

እዚህ ላይ አንድ ምክር። ደሴ የሚሄደውን ትልቅ አውቶቡስ ይዛችሁ ደብረ ሲና ለመውረድ ብታስቡ፣ ብዙ ጊዜ የደሴውን ሙሉ ታሪፍ ይጠይቋችኋል። መንገዱን ቆርጦ መሄድ ይሻላል፦ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ደብረ ሲና።

ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፋችሁ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ደብረ ብርሃን ናችሁ። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ናት። ከሚኒባሱ ስትወርዱ የሚቀበላችሁ ብርዱ ነው። ከተማዋን የቆረቆሯት ከ1434 እስከ 1468 (እ.ኤ.አ.) የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፤ ስሟም ከሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ጋር ይያያዛል። ዛሬ የሰሜን ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የቢራ ፋብሪካ አላት፣ ብርድ ልብሷም የታወቀ ነው። ብርድ ልብስ እዚህ መሠራቱ አይገርምም።

የመጀመሪያውን ሌሊት እዚህ እደሩ የምላችሁ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ሰውነታችሁ ከፍታውን ይለምዳል። ሁለተኛ፣ በማግሥቱ ጠዋት በጊዜ ተነስታችሁ ጣርማበርን ጉም ሳይወርድ ታገኙታላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ስለሆነ ርካሽ ምግብ ቤት ሞልቷል፤ ተማሪዎች የሚበሉበትን ፈልጉ። ከተማሪ የበለጠ የሽሮ ዋጋ የሚያውቅ የለም።

5. ጣርማበር ላይ ውረዱ

ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ደብረ ሲና የሚል ሚኒባስ ያዙ። ስትሳፈሩ ለረዳቱ «ጣርማበር ላይ ወራጅ ነኝ» በሉት፤ ከዚያ እስከ ደብረ ሲና ያለው በሌላ መኪና አጭር ነው።

ጣርማበር ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ተራራውን በስቶ የሚያልፍበት ዋሻ አለ። በ1928–1933 ዓ.ም. የወረራ ዘመን ጣልያኖች የሠሩት ነው፤ ሰውም እስከ ዛሬ የሙሶሎኒ ዋሻ ይለዋል። በእግር አትግቡበት። ውስጡ ጨለማ ነው፣ የከባድ መኪና ጭስ አለ፣ ለእግረኛ የተተወ ቦታም የለውም።

ይልቅ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁሙ፣ ከጫፉ ራቅ ብላችሁ። ከምዕራብ በኩል ያለው ደጋ ሜዳ ነው፤ ከምሥራቅ በኩል መሬቱ ድንገት ይከዳል። እዚህ ሸንተረር ላይ የወደቀ ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። ወደ ምዕራብ የፈሰሰው በበረሳ ወንዝ በኩል ጀማ ወንዝ ይገባል፣ ከዚያ ዓባይ፣ ከዚያ ሱዳንና ግብፅ። ወደ ምሥራቅ የወረደው በሮቢና በጀውሃ በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል።

ጭላዳ የምታዩት እዚሁ አካባቢ ነው። ጭላዳ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ያለ ዝንጀሮ ነው። ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ላይ ወጥቶ ይግጣል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ እንጂ አትከተሏቸው። ትንሽ ስትቆዩ ይረሷችኋል። እጃቸውን አስተውሉ፦ ሣሩን በጣታቸው አንድ በአንድ ይነቅሉና እፍኛቸው ሲሞላ ወደ አፋቸው ያደርጉታል፤ ከዚያ ቂጣቸውን ሳያነሱ ወደ ፊት ይሳባሉ። ደረታቸው ላይ ቀይ ራቁት ቆዳ አለ፤ በወንዱ ላይ ቀለሙ ይደምቃል። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው። ብስኩት አትስጧቸው። ምግብ ከሰው የለመደ ዝንጀሮ ነገ የገበሬውን ገብስ ይገባበታል፤ ዕዳውን የሚከፍለው እናንተ ሳትሆኑ ገበሬው ነው።

ከፍታው ካናወዛችሁ ቀስ በሉ፣ ውሃ ጠጡ። ደረጃ የምትወጡ ይመስል አታለክልኩ።

6. ደብረ ሲና፦ አልጋ ያዙ፣ ቢሮ ሂዱ፣ ቆሎ ግዙ

ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ናት። ከተማዋ ዳገት ላይ የተለጠፈች ናት፤ ዋናው መንገድ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። የጣርማበር ወረዳ ዋና ከተማም እሷ ናት።

እንደ ደረሳችሁ አልጋ ያዙ። የረጅም መንገድ ሾፌሮች አመሻሽ ላይ ሲመጡ ጥሩ ጥሩው ይያዛል። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «እስቲ ክፍሉን ልየው» በሉ። ስታዩ ደግሞ በር ላይ ቆማችሁ አይሁን። ግቡ፣ መቀርቀሪያውን ሞክሩ፣ ብርድ ልብሱን ቁጠሩ፣ የፍራሹን ጠርዝ ገልጣችሁ ትኋን ካለ እዩ፣ ቧንቧውን ክፈቱ። «ሻወር አለው» ማለት «ውሃ አለው» ማለት አይደለም። «ውሃ አለው» ማለትም «ሙቅ ነው» ማለት አይደለም። ሦስቱን ለየብቻ ጠይቁ። የጋራ ሽንት ቤትና ሻወር ያለው አልጋ በጣም ይረክሳል፤ ለአንድ ሁለት ሌሊት ምንም አይላችሁም። ወደ ጓሮ የሚያይ ክፍል ጠይቁ፤ በመንገድ በኩል ያለው ሌሊቱን ሙሉ የተሳቢ ሞተር ነው። ከሥሩ ግሮሰሪ ያለበትንም እለፉት፣ አብራችሁ ካልጠጣችሁ በቀር።

ከዚያ በሥራ ሰዓት የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ወፍ ዋሻ መግባት እንደምትፈልጉ ተናገሩ፣ መታወቂያ አሳዩ፣ የመንገድ መሪ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። ክፍያ ካለ ደረሰኝ ተቀበሉና ያዙት፤ ደኑ ላይ ጥበቃ ይጠይቃችኋል። መንገድ ላይ ያገኛችሁት ጎረምሳ «እኔ አደርሳችኋለሁ» ካለ ልቡ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን በቢሮ በኩል የመጣው ለጥበቃውም ለእናንተም ይቀላል።

ከመሪው ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ አራት ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ፦ ሒሳቡ በቀን ነው ወይስ በጉዞ፣ በሰው ነው ወይስ ለቡድኑ፣ ምሳው በማን ነው፣ ስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ። በኋላ የሚመጣ ንትርክ ሁሉ ከነዚህ ከአንዱ ነው። ሌላ መንገደኛ ካገኛችሁ ተዳበሉ፤ ለሦስት ሲካፈል የመሪ ዋጋ ይቀላል። ምሳውን ግን እናንተ ቻሉ። አብሮ እየሄደ የሚያይ ሰው ፊት ብቻ መብላት በኛ አገር የለም።

አሁን ወደ ቆሎው። የደብረ ሲና ቆሎ ስሙ የወጣ ነው፤ ለመንገደኛ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ስንቅ የለም። አይበላሽም፣ አይፈስም፣ ርካሽ ነው፣ ዳገት ላይ ጉልበት ይሰጣል። ገብሱ ብቻውን አለ፣ ከሽምብራ ጋር የተቀላቀለ አለ፣ ሱፍና ለውዝ የገባበት አለ፤ ለውዝ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ሳትገዙ ቅመሱ፤ ማንም አይቆጣም። ጥርስ ላይ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ትኩስ ነው፣ የሚያንገራግር ያደረ ነው። አውቶቡስ የቆመበት ሰዓት ላይ አትግዙ። አውቶቡሱ ሲሄድ ሻጮቹም ፈታ ይላሉ፣ መስፈሪያውም ሞላ ይላል።

7. ወደ ደኑ

ደኑ ከከተማዋ በስተ ደቡብ በኩል ገደሉን ተከትሎ የተዘረጋ ነው። ጣርማበር፣ አንኮበርና ባሶና ወራና ወረዳዎች ይካፈሉታል። ወደ ገጠር ቀበሌዎች መኪና በየቀኑ የለም። በገበያ ቀን ግን አይሱዙ ሰውና እህል ጭኖ ይመላለሳል። መሪያችሁን «የትኛው ቀን ነው ወደዚያ መኪና የሚኖረው?» በሉትና ጉዞውን በዚያ ላይ አስተካክሉ። መኪና ከሌለ ባጃጅ መንገዱ እስከሚፈቅድላት ታደርሳችኋለች፤ ከዚያ በእግር ነው። ከኮንትራት መኪና ጋር ያለውን ልዩነት ስታሰሉ እግራችሁ በራሱ ጊዜ ይፈጥናል።

ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ጉም ከቆላው ወደ ላይ ይወጣል፤ ደን ውስጥ ደግሞ በጊዜ ይጨልማል።

ወፍ ዋሻ ያረጀ ደን ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሲተከል ዘሩ የመጣው ከዚህ ነው ይባላል። ሱባን ያየ ሰው የልጁን ወላጅ ለማየት እዚህ ይምጣ።

ዛፉ እንደ ከፍታው ይለዋወጣል። ከታች ዝግባና ወይራ ነው። አንዳንዱ ዝግባ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ከፍ ስትሉ የሐበሻ ጥድ ይበዛል፣ ከዚያ ኮሶ። ኮሶ ሲያብብ ቀይ ዘለላው ከሩቅ ይታያል፤ አያቶቻችን ለኮሶ ትል የጠጡት ይኸው አበባ ነው። ይበልጥ ስትወጡ አስታ ይመጣል፣ ከአስታው በላይ ጅብራ ብቻውን ቆሞ ታገኙታላችሁ። ከቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለ ግራጫ ነገር ካያችሁ ጉሙ ያበቀለው ነው፤ ነክታችሁ እዩት፣ እርጥብ ነው።

መሪያችሁ ሲቆም ቁሙ። ብዙ ሰው ደን ገብቶ «ምንም አላየሁም» ብሎ የሚመለሰው እያወራ ስለሚሄድ ነው። የምኒልክ ድኩላ ጠቆር ያለ፣ ሰው የሚፈራ እንስሳ ነው፤ ከማየታችሁ በፊት ያያችኋል። ጉሬዛና ጦጣ ከላይ ናቸው፤ ቅጠል ሲረግፍ ቀና በሉ። ገደሉ ላይ ሰስና ሽኮኮ አለ። ነብርም አለ፤ አታዩትም፣ ጥበቃው ግን ፋናውን ያሳያችኋል። ሰማይ ላይ ክንፉ የሰፋ አሞራ ካያችሁ ጠብቁት፤ አጥንት ከአየር ላይ ዓለት ላይ ጥሎ የሚሰብረው እሱ ነው። ወፍ የሚወዱ ሰዎች ደግሞ ከውጭ አገር ድረስ የሚመጡት ለአንዲት ግራጫማ ትንሽ ወፍ ነው። በአንኮበር ስም የምትጠራ ናት፤ ለሳይንስ የተመዘገበችው በ1979 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጭም የለችም። ገደል አፋፍ ላይ ሣር ውስጥ ትለቅማለች። መልኳ ድንቢጥ ስለሚመስል አጠገቧ ቆመው ሳያዩዋት የሚያልፉ ብዙ ናቸው።

ጥቂት ጥንቃቄ። ሳማ አለ፤ እጃችሁን ሳታዩ ቅጠል አትያዙ። እርጥብ ሥር ላይ አትርገጡ። እሳት አታንድዱ። የውሃ ላስቲክ ይዛችሁ እንደገባችሁ ይዛችሁ ውጡ። ምንጭ ላይ የአካባቢው ሰው እየጠጣ ካያችሁ «ለኛስ?» አትበሉ፤ ሆዳችሁ አልለመደውም። የተፈላ ወይም የታሸገ ጠጡ።

ከደኑ ዳር ቤቶች አሉ። መሪያችሁ የሚያውቀው ቤት ቡና ሊጠራችሁ ይችላል። ስትገቡ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላችኋል። «በእግዜር» ብላችሁ በእጃችሁ አስቀምጧቸው እንጂ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ሽማግሌውን «አባባ»፣ እናቲቱን «እማማ» በሉ፤ «አንቱ»ን አትርሱ። ጠላ ይቀርባል፣ የገብስ ቆሎ ይቀርባል። ባትጠጡ እንኳ ተቀብላችሁ ከንፈር አስነኩ። ብር አውጥታችሁ «ስንት ነው?» ማለት ነውር ነው። ከከተማ ቡና ወይም ስኳር ይዛችሁ ሂዱና እሱን ስጡ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

ማታ ደብረ ሲና ተመልሳችሁ እደሩ። እግራችሁን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉት፤ ባለ አልጋዋን በትሕትና ከጠየቃችኋት በማንቆርቆሪያ ታመጣላችኋለች።

8. ወደ ቆላ፦ ሸዋ ሮቢትና ወንዙ

በማግሥቱ ሮቢት የሚል ሚኒባስ ያዙ። 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሁሉም ቁልቁለት። አርማንያን ስታልፉ ጃኬት ይወልቃል። ጆሯችሁ ይደፈናል፤ ምራቅ ዋጡ። ገብሱ ቀርቶ ማሽላ ይመጣል፣ ከማሽላው ጋር ማሾ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

እዚህ ኑሮው ሌላ ነው። ቀን ቀን ሰው ጥላ ሥር ነው፤ ከተማዋ የምትነቃው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። እናንተም እንደ አገሩ ሁኑ። እኩለ ቀን ላይ ወንዝ ለወንዝ አትንከራተቱ። ማንጎና ፓፓያ በወቅቱ ከሆነ ከመንገድ ዳር ግዙ። በሳጥን ሳይሆን በፍሬ ግዙ፤ እዚያው አጥባችሁ ብሉ።

የሮቢ ወንዝ አመሻሽ ላይ ጥሩ ነው። ከብት ለውሃ ይወርዳል፣ ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ሁለት ነገር ግን በጥብቅ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ አትዋኙ፤ በቆላ ወንዝ ቢልሃርዚያ አለ። ሁለተኛ፣ ደረቅ አሸዋ ላይ አታንቀላፉ። የሮቢት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ ደጋው ላይ ዝናብ ጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ያ ውሃ ደራሽ ሆኖ ነው የሚመጣው። ደጋው በኩል ከጠቆረ፣ ወይም እረኞቹ ከብታቸውን ወደ ዳር መንዳት ከጀመሩ፣ ምክንያቱን ሳትጠይቁ አብራችሁ ውጡ።

አልጋ ስትይዙ የደብረ ሲናው ጥያቄ ይገለበጣል። ብርድ ልብስ መቁጠር ቀርቶ አጎበር አለ ወይ ማለት ነው። ወባ አለ። አጎበሩ ቀዳዳ እንደሌለው በባትሪ እዩት፣ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ክተቱት። ማራገቢያ ያለው ክፍል ጥቂት ይጨምራል፤ ይጨምር። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳትና ራስ ምታት ከመጣ ለሐኪሙ «ሸዋ ሮቢት አድሬ ነበር» በሉት።

9. መመለሻ፣ ቀን ከተረፈ ደግሞ አንኮበር

ከሮቢት ስትመለሱ ከደሴ የሚመጡትን አውቶቡሶች አትጠብቁ፤ ሞልተው ነው የሚያልፉት። ጠዋት ከመናኸሪያው የሚነሳውን የደብረ ብርሃን መኪና ያዙ፣ ከዚያ ወደ ላምበረት። ከሰዓት በኋላ የተነሳ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ማደሩ አይቀርም፤ የአንድ አልጋ ሒሳብ ነው።

አንድ ሁለት ቀን የተረፈው ሰው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ይታጠፍ፤ 42 ኪሎ ሜትር ነው። የሸዋ ነገሥታት ከተማ የነበረች ናት፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እዚህ ተቀምጠው የእንግሊዝን መልእክተኛ በ1841 (እ.ኤ.አ.) ተቀብለዋል። የቤተ መንግሥቱ ቦታ ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው፤ ዛሬ ሎጅ አለበት። ሎጁ የኛ ኪስ አይደለም። ከታች ከተማው ውስጥ አድራችሁ ጠዋት በእግር ውጡና ቡና ጠጥታችሁ ውረዱ፤ ዕይታው ለአልጋ የከፈለውንም ያልከፈለውንም አይለይም። የወፍ ዋሻ ደን በዚህ በኩልም ይታያል።

መንዝ ጓሳን የሚጠይቁኝ አሉ። ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ ቀይ ቀበሮም አለ። ግን ሜዳው ክፍት ነው፣ ብርዱ ከባድ ነው፣ ድንኳንና የራሳችሁ ምግብ ያስፈልጋል። ከዚህኛው ጋር አትደርቡት፤ ራሱን ችሎ ሌላ ጊዜ ይሁን። መሐል ሜዳ የሚሄደው መኪና ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ጠዋት ነው የሚነሳው፤ ሲመሽ አታገኙትም።